ፒያኖው የሌለበት ቀን፦ በመዘምራን መካከል ለምትቆሙ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

አርባ ዓመት ገደማ የመራኋቸው መዘምራን ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ቀን በየሥራቸው ውለው ማታ ለልምምድ የሚሰበሰቡ ሰዎች ነበሩ። ከእናንተም ብዙዎቹ እንደዚህ ባለ ማኅበር ውስጥ እንደምትዘምሩና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኦርኬስትራና ከብቸኛ ዘማሪዎች ጋር አንድ ሙሉ ኦራቶሪዮ (ያለ ትወና የሚዘመር ረጅም መንፈሳዊ ድርሰት) ለማቅረብ እንደምትሰናዱ በማሰብ ይህን እጽፋለሁ። ልነግራችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በልምምዱ ወራት ሳታውቁት የተደገፋችሁበት ምርኩዝ ሁሉ በዝግጅቱ ሳምንት ከእጃችሁ ይወሰዳልና፣ ከመወሰዱ በፊት ራሳችሁ ጣሉት።

ይህን ስል ሥራው ከአቅማችሁ በላይ ነው ማለቴ አይደለም። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ባኽ በማቴዎስ ወንጌል ላይ የደረሰውን፣ እርሱ በ1750 እ.ኤ.አ. ካረፈ በኋላ ከሞላ ጎደል ተዘንግቶ የኖረውን ታላቅ የሕማማት ዝማሬ መጋቢት 11 ቀን 1829 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ ዳግም ያሰሙት፣ በ1791 የተመሠረተው የዚንግ-አካዴሚ ማኅበር አባላት ናቸው፤ እነርሱም በዝማሬ የማይተዳደሩ፣ እንደ እናንተ ከልምምድ ወደየጉዳያቸው የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ። የመራቸው የሙዚቃ ደራሲው ሜንደልሶንም ያን ጊዜ ዕድሜው 20 ዓመት ብቻ ነበር። ስለዚህ «እኛ እኮ ሙያተኞች አይደለንም» የሚለውን ሰበብ ከእናንተ ለመቀበል ይከብደኛል።

ከምርኩዞቹ የመጀመሪያው ፒያኖው ነው። በልምምድ ጊዜ ፒያኖ የሚመታው ሰው የአራቱን ድምፆች (ከላይ ወደ ታች ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴኖርና ባስ) ኖታ ሰብስቦ ይጫወትላችኋል፤ አልቶዋ ስትሳሳት ጣቱን ጠንከር አድርጎ ኖታዋን ያሰማታል፣ ባሱ የሚገባበትን ቦታ ሲስት በራሱ ነቅነቅ አድርጎ ይጠቁመዋል። ኦርኬስትራው በመጣ ቀን ግን ይህ ሁሉ ደግነት ያበቃል። ቫዮሊኖቹ የራሳቸውን መንገድ ይሮጣሉ፣ ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ ከሶፕራኖዎቹ ጋር ጥቂት ሄዶ ይለያል፣ የእናንተ መነሻ ኖታም ምናልባት ልብ ብላችሁት በማታውቁት የባሱን መስመር በሚይዝ መሣሪያ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። ይባስ ብሎ፣ መሣሪያዎቹ በጥንቱ አሠራር የተሠሩ ከሆኑ መሣሪያዎቹ የሚቃኙበት መነሻ ድምፅ ከተለመደው 440 ኸርትዝ ወደ 415 ይወርዳል፤ ይህም ግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ማለት ስለሆነ፣ ዜማውን በጉሮሮ ልማድ ብቻ የያዘ ሰው ያ ሁሉ ወር የለፋበት ነገር በአንድ ማታ እንግዳ ይሆንበታል። የሚሻለው፣ ከአንድ ወር በፊት ጀምራችሁ መሪያችሁን ያለ ፒያኖ እንዲያዘምራችሁ መለመን ነው። መጀመሪያ ላይ ያስጠላል፤ እኔም ስጀምረው ብዙ ተነጫንጨውብኛል።

ሁለተኛው ምርኩዝ ጎረቤታችሁ ነው፤ ከፒያኖው ይልቅ አደገኛው እርሱ ነው። የሙዚቃ ደራሲው ሃንደል በደረሰው «መሲሕ» በተባለው ኦራቶሪዮ ውስጥ ሕፃን ተወልዶልናል የሚለውን ዝማሬ ውሰዱ። ዜማው አስቀድሞ ለሁለት ሶፕራኖዎች በጣልያንኛ ከተጻፈ የሃንደል የራሱ ሥራ የተወሰደ ነው፤ ለመዘምራን ብዙዎቹን ኖታዎች በአንድ ትንፋሽ እየሮጡ ማውጣት የሚያስቸግረውም በከፊል ለሁለት ብርቱ ድምፆች ታስቦ ስለነበር ነው። በእነዚህ ሩጫዎች መሐል አፉን እየከፈተ ጎረቤቱን የሚከተል ዘማሪ በየረድፉ አለ፤ ጎረቤቱም እርሱን እየተከተለ እንደሆነ አያውቅም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ እነዚህን ገጾች በጣም በዝግታ፣ ቃሉን ትታችሁ በአንድ አናባቢ ብቻ፣ ብቻችሁን ሆናችሁ አጥኗቸው። ከዚያ ከየድምፁ አንድ አንድ፣ አራት ሆናችሁ አንድ ገጽ ዘምሩ። መቼ እንደምትደናቀፉ ያን ጊዜ ይገባችኋል፤ ዕፍረቱ በአራት ሰው ፊት ቢሆን ይሻላል።

በዝግጅቱ ቀን ጎረቤታችሁ ከጎናችሁ ላይኖር ይችላልና። መድረኩን ኦርኬስትራው ሲይዘው መዘምራኑ ከበስተኋላ በጠባብ ደረጃ ላይ ይደረደራሉ፣ ረድፉም ይቀያየራል። (ጥበቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ «መሲሕ» ሚያዝያ 13 ቀን 1742 እ.ኤ.አ. ደብሊን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ፣ አዳራሹ ብዙ ሰው እንዲይዝ ሴቶቹ በቀሚሳቸው ሥር የሚያደርጉትን ሰፊ ቀለበት፣ ወንዶቹም ሰይፋቸውን ትተው እንዲመጡ ተለምነው ነበር።) እዚያ ከኋላ ሆናችሁ ጆሯችሁን ብታምኑ ትዘገያላችሁ። ድምፅ በአንድ ሴኮንድ የሚሄደው 340 ሜትር ያህል ነው፤ ከፊተኞቹ ቫዮሊኖች 17 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው የሚሰማቸው አንድ ሃያኛ ሴኮንድ ዘግይቶ ነው፣ የእርሱም ድምፅ ወደ ፊት ለመድረስ ያንኑ ያህል ይፈጅበታል። በድምሩ አንድ አሥረኛ ሴኮንድ መሆኑ ነው፤ ከላይ በጠቀስኋቸው ሩጫዎች ውስጥ ይህ የአንድ ኖታ ግማሽ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ድምፁን ተዉትና የመሪውን እጅ ተመልከቱ፤ እጁን ለማየት ደግሞ ዓይናችሁ ከኖታው የሚነሣ መሆን አለበት።

ብቸኛ ዘማሪዎቹ ሲዘምሩ የመዘምራኑ ሥራ ቆሟል ብላችሁ አታስቡ። በዚያው በ«መሲሕ» እረኞቹ በሌሊት መልአኩን ያዩበትን ታሪክ ሶፕራኖዋ ስትተርክ ቆይታ ስትጨርስ፣ መዘምራኑ «ክብር ለእግዚአብሔር» ብለው ያለ ምንም መግቢያ ወዲያው መጀመር አለባቸው፤ መቆም ያለባችሁም ቀድማችሁ እርሷ እየዘመረች ሳለ ነው፣ ድምፃችሁንም ከእርሷ ትቀበላላችሁ። ባሶች ደግሞ እዚያ ላይ ቆማችሁ ዝም ትላላችሁ፤ የእናንተ ቦታ ሰላም በምድር የሚለው ነው። መጠበቅ የሰለቸው ሰው ቲምፓኒ የሚባለውን የኦርኬስትራ ከበሮ የሚመታውን ይመልከት። የመጀመሪያው ክፍል አልፎ፣ ሁለተኛውም ሊያልቅ ሲል «ሃሌ ሉያ» እስኪደርስ ድረስ አንዲት ኖታ የለውም። ጥሩ የቲምፓኒ ሰው ያን ሁሉ ጊዜ እንዴት ተቀምጦ እንደሚሰማ ማየት ለእኔ ከብዙ የመዝሙር ትምህርት በልጦብኛል።

«ሃሌ ሉያ»ን ካነሣሁ አይቀር፣ የእኔን ጉድ ልንገራችሁ። መጨረሻው ላይ መለከቱም ከበሮውም ሰዉም በአንድ ጊዜ ቀጥ ይላሉ፤ ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው የመጨረሻዋ ቃል በዝግታ የምትመጣው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከጎኔ የሚቆመው፣ በልምምድ ሁሉ የተከተልሁት ሽማግሌ በዚያ ቀን ሁለት ረድፍ ከእኔ ርቆ ነበር፤ ዕረፍቱን በራሴ ቆጥሬ አላውቅም ነበርና ዝምታው ውስጥ ብቻዬን «ሃሌ» አልሁ። «ሉያ» የምለውን ግን ዋጥሁት። መሪው ወደ እኔ እንኳ አልተመለከተም፤ እጁ እንደተሰቀለ ቆየ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድነት ገቡ፣ እኔ ግን አልገባሁም። በማግሥቱ ማታ ኖታዬን ይዤ፣ ፒያኖ በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ ያችን ባር (በኖታው ላይ በመስመር የተከለለች የምት ክፍል) በጣቴ ጠረጴዛ እየመታሁ ስቆጥር አመሸሁ።