ውጭ አገር ልሂድ ወይስ እዚሁ ከተማዬ ላይ ላገልግል ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ

ሰላም ይብዛልህ ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ሦስቴ አነበብኩት። ለውጭ አገር ሚሽን ሸክም ካደረብህ ሦስት ዓመት ሆኖሃል፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችህ ግን "መጀመሪያ እዚሁ ከተማህ ላይ አገልግል" ይሉሃል፣ ባለቤትህ ደሞ ዝም ብላለች፣ እና "ለጥሪዬ ልታዘዝ ወይስ ለነሱ?" ነው ያልከው። እኔ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ስድስት ዓመት ውጭ አገልግለን ተመልሰናል፣ ከተመለስን በኋላ ደሞ ይኸው ሰባተኛ ዓመታችን ነው እዚሁ የምንኖርበት ከተማ ውስጥ ከስደተኞች ጋር ስንሠራ። እንደ ታላቅ እህት የማውቀውን ልንገርህ።

ከባለቤትህ ልጀምር፣ ምክንያቱም ያን ሁሉ ጽፈህ ለሷ አንድ መስመር ብቻ ነው የሰጠሃት።

እንግሊዛዊውን ሚስዮናዊ ዊልያም ኬሪን በየኮንፈረንሱ ስንሰማው ነው ያደግነው፣ ጫማ ሰሪ የነበረ፣ በ1793 (እዚህ ላይ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ ሕንድ የሄደ፣ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎመ ምናምን። ሚስቱን ዶሮቲን ግን እኔ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ አልሄድም ብላ ነበር እኮ፣ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ እሱ ትልቁን ልጃቸውን ይዞ ሊሄድ ከተነሳ በኋላ መርከቡ ላይ ችግር ተፈጥሮ ጉዞው ሲዘገይ ተመልሶ ለመናት፣ እሷም እህቴ አብራኝ ከሄደች ብላ ገና ጡት የሚጠባ ሕፃን ታቅፋ ሄደች። በ1794 የአምስት ዓመት ልጃቸው ፒተር እዛው ሞተባቸው፣ ከዛ በኋላ አእምሮዋ ታወከ፣ በ1807 እስክታርፍ ድረስም አልዳነችም። ይህን የምነግርህ የኬሪን ሥራ ለማሳነስ አይደለም፣ ሥራው ትልቅ ነው። ግን የሚስት "እሺ" ተለምኖ የመጣ ነው ወይስ እሷም ራሷ ሰምታ ነው የሚለው ጥያቄ በጣም ከባድ ነው፣ ዋጋውን የምትከፍለው እሷ ናትና።

እኛ ጋ የሆነው ይሄ ነው። ባለቤቴ አንድ ማታ "ትሄጂያለሽ ወይ?" ማለቱን ተወና "ምንድነው የሚያስፈራሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። ሁለት ሌሊት ሙሉ አወራሁት፣ ስለ እናቴ ሕመም፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ እዛ ሄጄ እሱ አገልጋይ እኔ ደሞ ቤት የምትጠብቅ ሆኜ እቀራለሁ ብዬ እንደምፈራ፣ ሁሉንም። አልመለሰልኝም፣ ጥቅስም አልጠቀሰም፣ ጻፈው ብቻ። ጉዟችንን አንድ ዓመት ከመንፈቅ አዘገየነው። ያ ጊዜ ባክኗል ብዬ አላስብም፣ ሦስተኛው ዓመት ላይ ነገሮች ሲከብዱብን "አንተ ነህ ያመጣኸኝ" የሚል ቃል ከአፌ ያልወጣው በሱ ምክንያት ነውና። ስለዚህ ዝምታዋን እምቢታ ነው ብለህ አትተርጉመው፣ ቁጭ ብለህ ጠይቃት።

ወደ ሽማግሌዎቹ ስመጣ፣ እኔም ያኔ "መጀመሪያ እዚህ" ሲሉኝ ተናድጄ ነበር። ግን የሐዋርያት ሥራን ረጋ ብለህ አንብበው። በርናባስና ሳውል ምዕራፍ 13 ላይ ከመላካቸው በፊት ምዕራፍ 11 ላይ አንጾኪያ ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያስተምሩ ነው የምናገኛቸው፣ መንፈስ ቅዱስ "ለዩልኝ" ያለውም ሥራ ላይ ካሉ ሰዎች መካከል ነው። ሲጨርሱም ምዕራፍ 14 መጨረሻ ላይ ተመልሰው ለላከቻቸው ቤተ ክርስቲያን ጌታ የሠራውን ተናገሩ። በሌላ በኩል ደሞ አንጾኪያ ውስጥ ያልዳነ ሰው አልቆ አይደለም የላኳቸው። ከተማው እስኪያልቅ ጠብቅ የሚባል ከሆነ ማንም መቼም አይሄድም። ስለዚህ "መጀመሪያ እዚህ" ሲሉህ አትጣላቸው፣ ግን ቁርጥ ያለ ነገር ጠይቃቸው፦ የትኛው አገልግሎት፣ እስከ መቼ፣ ማን አብሮኝ ሆኖ ያየኛል? ይህን ከመለሱልህ እየላኩህ ነው፣ ካልመለሱልህ ግን ዝም ብለው እያቆዩህ ሊሆን ይችላልና በፍቅር ደጋግመህ ጠይቅ።

አውሮፕላን መሳፈር ሰውን አይለውጠውም። እኛ እዚህ እያለን ጎረቤቶቻችንን በስም አናውቃቸውም ነበር፣ ከኛ ሌላ ቋንቋ ከሚናገር ሰው ጋር አንድም ቀን ቁጭ ብለን አናውቅም፣ ግን እዛ ስንደርስ በሆነ ተአምር እንደዛ ዓይነት ሰዎች የምንሆን መስሎን ነበር። አልሆንንም። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ወራት እንደኛው የውጭ ሰው ከሆኑ አማኞች ጋር ብቻ እየተሰበሰብን ነው ያሳለፍነው፣ ሪፖርት ላይ "አገልግሎት" እያልን እንጽፋለን ግን ያገሩን ሰው በሩቁ ነበር የምናየው። ያወጣን አንድ አሮጊት ጎረቤታችን ናቸው፣ ልብስ ይሰፋሉ። ቋንቋቸው ውስጥ ከጉሮሮ ስር የሚወጣ እኔ ፈጽሞ ያቃተኝ ድምፅ ነበር። አንድ ቀን መርፌያቸውን ልብሱ ላይ ሰኩና እጄን ይዘው የራሳቸው ጉሮሮ ላይ አደረጉት፣ ቃሉን ሲሉት ንዝረቱ መዳፌ ላይ ተሰማኝ፣ ከዛ እጄን ወደኔ ጉሮሮ መለሱት፣ አሁን አንቺ በይው ማለታቸው ነው። ምናልባት ሠላሳ ጊዜ ብዬዋለሁ። ልሰጥ ሄጄ መቀበል የጀመርኩት ያን ቀን ነው፣ ስለ ጌታ እንድነግራቸው የጠየቁኝም ከዛ በኋላ ነው፣ ራሳቸው።

ስለ ፍሬም ላንሳ። ኬሪ የመጀመሪያውን ሕንዳዊ ያጠመቀው በ1800 መጨረሻ ነው፣ ከደረሰ ሰባት ዓመት በኋላ። አሜሪካዊው ሚስዮናዊ አዶኒራም ጀድሰን በርማ (የዛሬዋ ምያንማር) በ1813 ገብቶ የመጀመሪያውን አማኝ ያየው በ1819 ነው። እኛን የላከችን ቤተ ክርስቲያን ግን በየሦስት ወሩ "ስንት ሰው?" ትለን ነበር፣ ሁለተኛው ዓመት ላይ ደሞ ቃል ከገቡት ደጋፊዎች ብዙዎቹ ቀሩ። እና አንድ ጊዜ እኔ ራሴ አንዴ ብቻ መጥታ ቃል ያነበበች ልጅን እንዳመነች አድርጌ ጻፍኩ። ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ፣ በሚቀጥለው ደብዳቤ አስተካክዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ከመሄድህ በፊት ከላኪዎችህ ጋር ስለዚህ ተነጋገር፣ ምንም የሚቆጠር ነገር ባይኖር ሦስት ዓመት ትጸልዩልኛላችሁ ወይ በላቸው። የኬሪ ጓደኛ አንድሩ ፉለር ሕንድን በዓይኑ አላያትም፣ ግን ከ1792 ጀምሮ በ1815 እስኪሞት ድረስ ኬሪን የላከው የሚሽን ማኅበር ጸሐፊ ሆኖ ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን እየዞረ ገንዘብ አሰባስቧል። አንተም እንደዛ ዓይነት አንድ ሰው ካላገኘህ ባትነሳ እመክርሃለሁ።

ከተማን እንደ ትንሽ ነገር አድርገህ ነው የጻፍከው፣ እሱ አሳዝኖኛል። በ1974 ስዊዘርላንድ ሎዛን ላይ በተደረገው የዓለም ወንጌል ስርጭት ጉባኤ አሜሪካዊው የሚሽን መምህር ራልፍ ዊንተር ያነሳው ነገር እኮ ርቀት ማለት ኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም፣ የቋንቋና የባህል ርቀትም አለ ነው። አጠገብህ ቤተ ክርስቲያን እያለ በቋንቋው የሚነግረው አማኝ የሌለው ሰው አለ። አንተ ካለህበት ሕንፃ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ ሊኖር ይችላል።

ከተመለስን በሁለተኛው ዓመት ሆስፒታል ሰው ልጠይቅ ሄጄ ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሴት ወረቀት ይዛ ቆማለች፣ ነርሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትደጋግምላታለች፣ እሷ ደሞ ጭንቅላቷን ብቻ ትነቀንቃለች። ለልጇ ስትናገር ሰማኋት። ያው የጉሮሮ ድምፅ ነው። ቀረብ ብዬ በቋንቋዋ ሰላም አልኳት፣ ወረቀቱ ከእጇ ወደቀ። ያን ቀን ስለ ወንጌል ምንም አላልኩም፣ ቀጠሮዋን አስረዳኋት፣ መድኃኒቱን አብረን ገዛን፣ ስልኬን ሰጠኋት። ዛሬ ቤታችን ሐሙስ ሐሙስ የሚሰበሰቡት አሥራ አንድ ሰዎች ከሷ ቤትና ከዘመዶቿ የመጡ ናቸው። ስድስት ዓመት ውጭ ሆነን እንደዚህ ዓይነት ኅብረት አላየንም ነበር፣ ግን ያ ስድስት ዓመት ባይኖር ኮሪደሩ ላይ አልፌያት ነበር የምሄደው።

ስለዚህ እኔ ብሆን የማደርገው፣ ልትሄድበት የምታስበው ሕዝብ ከተማህ ውስጥ ካለ ፈልገው፣ ከሌለ ሌላ እንግዳ ሕዝብ ፈልግ፣ ቋንቋቸውን ጀምር፣ ባለቤትህም አብራህ ትምጣ፣ ቤታቸው ገብታችሁ ቁጭ በሉ። በዓመቱ ሽማግሌዎችህ የሚያዩት ነገር ይኖራል፣ አንተም ሸክምህ ለሰዎቹ ነው ወይስ ለጉዞው እንደሆነ ታውቀዋለህ። ከዛ ሂድ ካለህ ሂድ፣ ወደኋላ አትበል።

ግን ዛሬ ማታ መጀመሪያ ባለቤትህን ጠይቃት፣ መልስ ሳትሰጥ ስማት። ያለችህን ከፈቀደች በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ እሷ ራሷ ብትጽፍልኝ ደሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል፣ ስማችሁን ይዤ እየጸለይኩ ነው።