ወጥ ቤት ውስጥ ብቅ ያለ ቅስት፦ ልስኑን ከመንካትዎ በፊት

ጥያቄ፦ እንግሊዝ አገር ግሎስተርሺር ውስጥ የቆየ የገበሬ ቤት ገዝተን ገብተናል። የወጥ ቤቱ ግድግዳ ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ድረስ ይረጥባል፤ ልስኑ እያበጠ ይረግፋል። ሰሞኑን አንድ ቁራሽ ሲወድቅ ከሥሩ የድንጋይ ቅስትና ነጭ ላይ የተሰመረ ቀይ መስመር ታየ። የመንደሩ ሰዎች ቦታው ድሮ ጸሎት ቤት ነበር ይላሉ። የጠራነው ኮንትራክተር ልስኑን በሙሉ አንስቶ፣ ግድግዳውን በድሪል በስቶ የእርጥበት መከላከያ ኬሚካል ጨምሮ በሲሚንቶ ሊለስነው ዋጋ ሰጥቶናል። እንቀበለው?

መልስ፦ አይቀበሉ። እንዲህ ያለ ግድግዳ ሁለት የድንጋይ ፊት አለው፤ መሐሉ በጠጠር፣ በጭቃና በኖራ የተሞላ ነው። ኬሚካሉ በዚያ ሁሉ ክፍተት ውስጥ ፈስሶ ይጠፋል እንጂ የተያያዘ መከላከያ አይሠራም። ሲሚንቶው ደግሞ ውኃውን ግድግዳው ውስጥ ይቆልፈዋል።

የመንደሩ ወሬ እውነት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1547 በኤድዋርድ 6ኛ ዘመን የወጣ ሕግ ለሙታን ነፍስ ጸሎት የሚደረስባቸውን ጸሎት ቤቶች አዘግቶ ንብረታቸውን ለዘውዱ ሰጠ፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ተሸጠው ቤት፣ ጎተራ፣ በረት ሆነዋል። እዚያው እናንተ ግዛት፣ ዲርኸርስት ውስጥ፣ በ1056 የታነጸው የኦዳ ጸሎት ቤት በ1865 እስኪታወቅ ድረስ በገበሬ ቤት ውስጥ ተውጦ ኖሯል።

እርስዎም ምንም ሳይነኩ መመርመር ይችላሉ። ኮምፓስ ይያዙና ግድግዳው ወዴት እንደሚያይ ይዩ፤ መሠዊያው እንደ እኛ አብያተ ክርስቲያናት በምሥራቅ በኩል ነው የሚሆነው። በምሥራቁ ጫፍ፣ በደቡቡ ግድግዳ ላይ፣ ከታች የውኃ መውረጃ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ጎድጓዳ ካገኙ ጥርጣሬው ብዙም አይቀርም፤ የቅዳሴ ዕቃ የታጠበበት ውኃ የሚፈስባት ናት። ወደ ውስጥ እየሰፋ የሚሄድ የተደፈነ መስኮትም ጥሩ ምልክት ነው። ቀዩ መስመር በጣም አጓጉቶኛል። በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን የውስጥ ግድግዳን በኖራ ነጭ አድርጎ፣ በላዩ የተጠረበ ድንጋይ እንዲመስል በቀይ ቀለም መገጣጠሚያ መሳል የተለመደ ነበር። የእርስዎ ያ ከሆነ፣ ያ ልስን ከድንጋዩ እኩል ቅርስ ነው። አይቧጭሩት፣ በውኃ አይጠቡት፣ ቴፕ አይለጥፉበት። ከጎኑ ማስመሪያ ይዘው ፎቶ ያንሡ፤ የወደቀውን ቁራሽ በወረቀት ጠቅልለው በካርቶን ያስቀምጡ። ላስቲክ ውስጥ ከከተቱት ይሻግታል።

ቤቱ በቅርስነት መመዝገቡን በሂስቶሪክ ኢንግላንድ (የእንግሊዝ የቅርስ ጥበቃ ተቋም) ዝርዝር ላይ ይፈልጉ። ከተመዘገበ፣ ባሕርይውን የሚነካ ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራት በ1990 ሕግ ወንጀል ነው፤ ጥበቃው ውስጡንም ይጨምራል። ለፈቃዱ ማመልከቻ ክፍያ የለም፤ ውሳኔው በተለምዶ 8 ሳምንት ይፈጃል። ባይመዘገብም የካውንስሉን የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ጠርተው ያሳዩ።

አሁን ወደ ውኃው። እርጥበቱ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ዝናብ ሲዘንብ ወጥተው ይመልከቱ። አሸንዳው ተደፍኖ ይፈሳል? የመውረጃው ቱቦ ከግድግዳው ሥር ያፈሳል? ከሁሉ በላይ የውጭው አፈር ከውስጡ ወለል ይበልጣል? በዘመናት ብዛት አፈሩ ይከመራል፤ ከወለሉ ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ሳንቲም ዝቅ ማለት አለበት። ነገር ግን ጸሎት ቤት ዙሪያ መቃብር ሊኖር ስለሚችል አርኪዮሎጂስት ሳይኖር አይቆፈር፤ አጽም ከታየ ሥራው እዚያው ይቁም። ኮንትራክተሩ በግድግዳው ላይ የሚሰካውን የእርጥበት መለኪያ አይመኑ። መሣሪያው የተሠራው ለእንጨት ነው፤ ጨው ያለበት ግድግዳ ደርቆም ቢሆን ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

ውኃው ከተቆረጠ በኋላ ትዕግሥት ነው። በግምት ግድግዳ በወር 25 ሚሊ ሜትር ይደርቃል ይባላል። ውፍረቱ 75 ሳንቲም ከሆነና በሁለቱም ፊት ከተነፈሰ 15 ወር፣ አንዱ ፊት በሲሚንቶ ከታፈነ ግን 30 ወር ነው። ግድግዳው ላይ ከዚህ በፊት የተለሰነ ሲሚንቶ ካለ መነሣት ያለበት ለዚህ ነው፤ ቢሆንም በአንድ ጊዜ አይደለም። ከቅስቱና ከቀለሙ ራቅ ብለው 30 በ30 ሳንቲም የምታህል መሞከሪያ በቀጭን መሮና በቀላል መዶሻ፣ ከጠርዝ ወደ ውስጥ ያስነሡ። ሲሚንቶው ቶክ ቶክ ብሎ ባዶ የሚያስተጋባ ከሆነ በቅርፊት ይነሣል። የድንጋዩን ፊት ይዞ የሚመጣ ከሆነ ይተዉት፤ በሱ ምክንያት የድንጋዩን ገጽ ማጣት አይገባም። ግራይንደርና ኤሌክትሪክ መዶሻ ፈጽሞ አይግባ። ቀለሙ አጠገብ ያለውን የሥዕል እድሳት ባለሙያ ብቻ ይንካው።

አዲሱ ልስን ኖራ ይሁን። አንድ እጅ የተቦካ ኖራ፣ ሦስት እጅ የታጠበ ሸካራ አሸዋ፤ ለመጀመሪያው ንብርብር የፍየል ፀጉር ይጨመራል። 10 ካሬ ሜትር በ20 ሚሊ ውፍረት 200 ሊትር ልስን ይፈልጋል። ለዚህ 200 ሊትር አሸዋና ወደ 67 ሊትር ኖራ ይያዙ፤ ኖራው የሚገባው በአሸዋው ክፍተት ውስጥ ስለሆነ ድምሩ 267 አይሆንም። ለብክነት አሥር በመቶ ይጨምሩ። ግድግዳው በውኃ ይረጭ፣ ነገር ግን አያንጠባጥብ። ንብርብሩ በአንድ ጊዜ ከ10 ሚሊ አይብለጥ፤ ከበለጠ ይሰነጠቃል። ቀጣዩን የሚደርቡት በጥፍር ሲጫኑት የማይሰረጎድ ሲሆን ነው። እርጥብ ጆንያ ይሸፍኑት፤ ማሞቂያ አቅርቦ ማድረቅ ኖራውን ዱቄት ያደርገዋል። ከ5 ዲግሪ በታች ቅዝቃዜ ካለ ሥራው ይቆይ። ኖራ ዓይን ስለሚያቃጥል መነጽርና ጓንት የግድ ነው። ጀሶ ከሲሚንቶ ለስላሳ ነው ብለው አይተኩት፤ እርጥበት ሲያገኘው ይበሰብሳል።

እዚህ ላይ ጎንደርን ማስታወስ ይጠቅማል። በፋሲል ግቢ በጣልያን ጊዜ በሲሚንቶ የተደረገው ጥገና ለኖራ ሕንፃ የማይስማማ ሆኖ፣ ከዚያ በኋላ በተሠሩት እድሳቶች ወደ ኖራ ተመልሰዋል።

ማጠናቀቂያው በውኃ የቀጠነ የኖራ ቅብ ነው፤ አራት ወይም አምስት ስስ ድርብ ይፈልጋል። የፕላስቲክ ቀለም ከተቀባበት የሲሚንቶው ችግር ይመለሳል። ግድግዳው እስኪደርቅ ፍሪጁንና ቁም ሳጥኑን 10 ሳንቲም ያርቁት። ነጭ ጨው ከወጣ በደረቅ ብሩሽ አራግፈው በመጥረጊያ ሰብስበው ይጣሉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ከወለወሉት ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል።