ቡና የሌለው ቡና ቤት፦ ስለ አዲስ አበባ መጠጥ ቤቶች ጠይቁኝ

ሰላም ጎረቤቶች፣ ባለፈው ስለ ጠጅ ቤት ትንሽ ነገር ብዬ ጥያቄው ስለበዛብኝ ዛሬ እሁድም ስለሆነ ቁጭ ብዬ ልመልስ። እኔ ያደግኩት እዚሁ አለም ገና ነው፣ እናቴ ጠላ ትሸጥ ነበር፣ ስለዚህ ግማሹን ከመጽሐፍ ግማሹን ከጋን ስር ነው የለቀምኩት። አመተ ምህረቱ ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው።

ጥ፦ ጋሼ፣ ቡና ቤት ገብቼ ቡና ብጠይቅ ልጅቷ ሳቀችብኝ። ታዲያ ስሙ ከየት መጣ?

መ፦ ሃሃ፣ ብትስቅም አይፈረድባትም። ቡና ካማረህ ካፌ ወይ ጀበና ጋ ነው፣ ቡና ቤት ማለት ቢራና አረቄ ነው። የኔ ግምት ምን መሰለህ፣ ጣልያኖቹ በ1928 ገብተው የለመዱት ባር ማለት ጠዋት ቡና ማታ መጠጥ ባንድ ባንኮኒ የሚሸጥበት ቤት ነው፣ እነሱ በ1933 ሲባረሩ ልማዱ ቀረ፣ ከዛ ቀስ እያለ መጠጡ ቡናውን ገፍቶ አስወጣውና ስሙ ብቻ በሩ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ግሮሰሪም እንደዛው ነው፣ ዛሬ ግሮሰሪ ገብተህ ዘይት ብትጠይቅ ደግሞ ይስቁብሃል።

ጥ፦ ድሮ ክርስቲያን ቡና አይጠጣም ነበር የሚባለው እውነት ነው እንዴ?

መ፦ እውነት ነው። ደገኛው ክርስቲያን የሙስሊም መጠጥ ነው ብሎ ይጠየፈው ነበር፣ ካህናቱም ያወግዙት ነበር። ነገሩ የላላው አጼ ምኒልክ ራሳቸው መጠጣት ሲጀምሩና አቡነ ማቴዎስም ሲያለዝቡት ነው። ስለዚህ "ከጥንት ጀምሮ ባህላችን" ሲባል የማን ጥንት ብላችሁ ጠይቁ፣ ከፋና ጅማ ሌላ ሸዋ ሌላ። ቆሞ የሚጠጣው የፒያሳ ቡና ደግሞ ከዛም በኋላ ነው፣ ቶሞካ የተከፈተው በ1940ዎቹ አጋማሽ ነው፣ ስሙም የጣልያንኛ አህጽሮት ነው፣ ቶሬፋሲዮኔ ሞደርና ካፌ፣ ዘመናዊ ቡና መቁያ እንደማለት።

ጥ፦ የመጀመሪያው ሆቴል ጣይቱ ነው አይደል?

መ፦ አዎ፣ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል የሚባለው እሱ ነው፣ 1890ዎቹ መጨረሻ ላይ። ያኔ ምግብ በገንዘብ መግዛት ነውር ስለነበር መኳንንቱ እንዳያፍሩ ምኒልክ ራሳቸው በልተው ከፈሉ እየተባለ ይወራል። ጥር 2007 ላይ ተቃጥሎ ብዙ ነገሩ ተጎድቷል።

ጥ፦ ግን ለምንድነው የጠላና የጠጅ ቤት ባለቤቶች አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑት?

መ፦ እህቴ ዋናውን ጠየቅሽ። ከተማው ሲቆረቆር የሞላው በወታደርና በሰራተኛ ወንድ ነው፣ ሚስቱን አገር ቤት ትቶ የመጣ። ሴቷ ደግሞ ተፈታ ወይ ያለ እድሜዋ ተድራ አምልጣ ትመጣለች፣ መሬት የላት፣ ደሞዝ የላት፣ ያላት ጌሾ መውቀጥና ጋን ማጠን ነው፣ እሱን ይዛ አንድ ክፍል ቤት ትከራይና ጠላ ትጥላለች። ስለ ውቤ በረሃ፣ ስለዛ የድሮ የአዲስ አበባ የመሸታ ሰፈር፣ ሲወራ ወንዶቹ ብቻ ናቸው የሚነሱት፣ ማን ተደባደበ፣ ማን ዘፈነ። ሰፈሩም በወንድ ነው የተጠራው፣ በደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድ። ቤቱን ያቆሙት ግን ኮማሪቶቹ ናቸው፣ ብድር መዝግበው፣ ሰካራም አስወጥተው፣ ልጅ አስተምረው። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር ግን የሃምሳ ሰው ዱቤ በጭንቅላቷ ትይዝ ነበር፣ እኔ ነኝ ምስክር።

ጥ፦ ታዲያ ውቤ በረሃን ምን ገደለው?

መ፦ በአጭሩ ደርግና ሰዓት እላፊ። ሰው ከምሽት በኋላ መንገድ ላይ ከተገኘ አለቀለት፣ ስለዚህ ትላልቆቹ ሆቴሎች በር ዘግተው የሙዚቃ ባንዱ እስኪነጋ ይጫወት ነበር፣ ትንንሾቹ ቤቶች ግን ያንን አቅም ከየት ያመጣሉ። ከ1983 በኋላ አዝማሪ ቤቱ ካዛንቺስ ላይ አንሰራራ፣ እሱም ሰፈሩ በ2017 ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ አብሮ ሄደ።

ጥ፦ ጠጁ ስኳር መሆኑን በምን ልወቅ?

መ፦ በማግስቱ ራስህን ጠይቀው። ከምር ግን የማር ጠጅ አንድ እጅ ማር በሶስት አራት እጅ ውሃ ነው፣ ከዛ ጌሾ እንጨት፣ ቅጠሉ ለጠላ ነው። ቢጫነቱ እንደ ቀለም ከደመቀ እኔ ብርሌውን አስቀምጬ እወጣለሁ።

ጥ፦ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ አንድ ጠላ ቤት አላየሁም፣ ጠፋ ማለት ነው?

መ፦ ወንድሜ ጋን አራተኛ ፎቅ ማን ያወጣዋል፣ ጢሱስ ሽታውስ፣ ኮሚቴው ራሱ ይነሳብሃል። ግቢ የሚፈልግ ስራ ነው። ባዶውን ቦታ የያዘው የጀበና ቡና ነው፣ አንድ ከሰል ማንደጃ፣ አምስት ዱካ፣ ትንሽ ቄጤማ፣ ከብሎኩ ስር ተከፈተ። ልብ ካልክ እሱንም የያዙት ሴቶች ናቸው። ጠላው ግን አልጠፋም፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብለህ ከሜታ ቢራ ፋብሪካ ወዲህ ባሉት የቆርቆሮ አጥር ሰፈሮች ሂድ፣ ምልክት ጽሁፍ አትፈልግ፣ እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ካየህ ግባ። ቅዳሜ ከሰዓት ይሻላል፣ እሁድ ጠዋት የምታገኘው ቅራሪ ነው።