አቢሲኒያን ድመት ለአፓርታማ ትሆናለች ወይ ላልሽው

እህቴ፣ የጠየቅሽው ሦስት ነገር ነው፦ አቢሲኒያን ድመት በእርግጥ የኛ አገር ናት ወይ፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ ለሚውል ሰው አፓርታማ ውስጥ ትሆናለች ወይ፣ አርቢዋ በ8 ሳምንቷ ውሰጃት ያለችሽን ግልገል ልውሰድ ወይ።

ከመጨረሻው ልጀምርና፣ በ8 ሳምንቷ አትውሰጃት። ጠንቃቃ አርቢ ከ12 ሳምንት በፊት ግልገል አይሰጥም። ጥርሷንና ጥፍሯን መቆጣጠር የምትማረው ከእናቷና ከወንድሞቿ ጋር ስትታገል ነው፤ ቀድማ የወጣች እጅ መንከስ ይቀናታል። አርቢዋ እዚህ ላይ ከቸኮለች ሌላውንም ዘልላው ይሆናልና፣ የወላጆቿን የዘረመል ምርመራ ውጤት በወረቀት አሳዪኝ በያት። የሚመረመሩት በሽታዎች ሁለት ናቸው። አንዱ ፒኬ የሚባል ኢንዛይም ጉድለት ነው፤ ቀይ የደም ሴሎችን ያለ ጊዜያቸው እያፈረሰ ደም ማነስ ያመጣል። ሌላው ፒአርኤ የሚባል የዓይን ሬቲና በሽታ ነው፤ ግልገሏ ደህና እያየች አድጋ በጥቂት ዓመት ውስጥ ዓይኗ ይጠፋል። ሁለቱም ከእናትም ከአባትም ካልተወረሱ አይታዩም፤ አንዱ ወላጅ ነጻ ከሆነ ልጅየዋ አትታመምም። «ወላጆቿ ጤነኞች ናቸው» ቢሉሽ አትቀበዪ፣ ተሸካሚ ድመት ምንም ምልክት አያሳይም።

አገሯን በተመለከተ፣ ዘሩን ያወጡት እንግሊዞች ናቸው። ከመቅደላ ዘመቻ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1868፣ ዙላ የምትባል ድመት ከኛ ተወሰደች ይባላል። በ1874 የታተመው ሥዕሏ ግን ጆሮዋን ትንሽ አድርጎ ነው የሚያሳየው፤ የዛሬዋ ጆሮ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው። የዘረመል ጥናት ደግሞ መነሻዋ የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ እንደሆነ ይጠቁማል። አሁን የምትለይበት ጠጉር ነው፤ አንዷን ጠጉር ብትነጥዪ ፈዛዛና ጥቁር ቀለበት እየተፈራረቀባት ታያለሽ። ሲወለዱ ጠቆር ይላሉ፣ ቀለሙ የሚጠራው በወራት ነው። ለዚህ አጭር ጠጉር በሳምንት አንዴ የጎማ ብሩሽ በቂ ነው፤ ገላ ማጠብ አያስፈልግም።

አፓርታማው ቢጠብም ችግር የለውም። የሚያስቸግረው ብቸኝነትና የምትወጣበት ከፍታ ማጣት ነው። ጭን ላይ የምታንቀላፋ ድመት ከፈለግሽ ሌላ ዘር ፈልጊ። ቤቱ ቀኑን ሙሉ ባዶ ከሆነ ሁለት ግልገል አብረሽ ውሰጂ፣ ወይም ተዪው፤ መሃል መንገድ የለውም። መውጫ ማማዋ ቢያንስ 1.5 ሜትር ይሁን፣ መሠረቱ የከበደ፣ ከግድግዳ ጋር የታሰረ፣ ምሰሶው በቃጫ ገመድ የተጠመጠመ። አንዴ ከተወዛወዘባት ትታው ወደ መጋረጃሽ ትሄዳለች። ጠዋትና ማታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በላባ ዘንግ አጫውቻት፤ መጨረሻ ላይ አስይዣትና ወዲያው ምግብ ስጫት፣ ያኔ በልታ ትተኛለች። ከጨዋታው በኋላ ግን የዘንጉን ክር ቆልፊበት፤ ከዋጠችው አንጀቷን ይሰበስባል፣ ለቀዶ ሕክምና ይዳርጋል።

ምግብ እስከ 6 ወር በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ከዚያ ሁለቴ። 4 ኪሎ የምትመዝን ጎልማሳ በደረቅ ምግብ በቀን ከ50 እስከ 65 ግራም ይበቃታል፤ በዓይን ሳይሆን በሚዛን ስፈሪ። አዲስ ምግብ ስትቀይሪ በ7 ቀን እየቀላቀልሽ ይሁን። ወተት ተቅማጥ ነው የሚያመጣባት። ወጥ ደግሞ ሥጋውን አጥበሽም ቢሆን አትስጫት፤ ቁሌቱ ሽንኩርት ነው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ የፒኬ ጉድለት ባለባት ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ቡና ስታፈዪም በሩን ዝጊባት፤ ይቺ ዘር የሚያጨስ ነገር ካየች ከሰሉ ላይ አፍንጫዋን ካላስገባች አይሆንላትም።

ድዷን በየሳምንቱ ከንፈሯን ገልጠሽ እዪ። ጥርሱ ሥር ቀይ መስመር ከታየ የድድ ብግነት ነው፤ ይህ ዘር ይቀናዋል። ከግልገልነቷ ጣትሽ ላይ ጋዝ ጠቅልለሽ ማሸት አስለምጃት፣ በኋላ በድመት የጥርስ ሳሙና፤ የሰው አይሆንም። ኩላሊት ውስጥ ፕሮቲን የሚከማችበት አሚሎይዶሲስ የሚባል በሽታም አላቸው፣ አስቀድሞ የሚለየው የዘረመል ምርመራ የለም። ስለዚህ ውኃ ማብዛት፣ አሸዋው ላይ የሽንት ጓል መተለቅና ክብደት መቀነስ አብረው ካየሽ፣ ሳትቆዪ የሽንትና የደም ምርመራ አስደርጊላት።