«ወንድሜን ፈርም እያሉት ነው» ላለችው የሐይቅ እህት

አብሽሪ እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ወንድምሽ አሜሪካ ኢሚግሬሽን እስር ቤት ነው። ወረቀት ሰጥተውታል፣ «ፈርም» የሚለው መኮንንም አለ። መንግሥት ጠበቃ ይሰጠዋል ወይ፣ ዳኛ ሳያየው ሊመልሱት ይችላሉ ወይ፣ እኛስ ሐይቅ ተቀምጠን ምን እናድርግ ነው ያልሽው። ቀጠሮው 04/09 ስለሚል እስከ መስከረም ጊዜ አለን ብለሻል።

መጀመሪያ እሱን ላርም። ጊዜ የላችሁም። አሜሪካኖች ወሩን ነው የሚያስቀድሙት። 04/09 ማለት ኤፕሪል 9 ነው፣ በእኛ ሚያዝያ 1። ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። እስረኛ ስለሆነ እነሱ ራሳቸው ያቀርቡታል፣ ስለዚህ በመቅረት አይፈረድበትም። ውጭ ያለ ሰው ቢሆን ግን በዚህች ስህተት ብቻ በሌለበት «ይባረር» ሊባል ይችል ነበር። ለእናንተ ያጠረው ማስረጃ የምትልኩበት ጊዜ ነው።

እኔ ኮምቦልቻ ነው ያለሁት። ሁለት ጊዜ ዲፖርት ተደርጌያለሁ። የመጀመሪያው ከዓረብ አገር ነው። በባቲ፣ በአፋር፣ በጅቡቲዋ ኦቦክ አድርገን ባሕር የተሻገርንበትን መንገድ ወሎ ውስጥ የማያውቅ ቤት የለም። እዚያ ዳኛ የሚባል አላየሁም። አሻራ፣ ሊሴ ፓሴ (ፓስፖርት ለሌለው የሚሰጥ የመመለሻ ወረቀት)፣ አውሮፕላን፣ በቃ። ሁለተኛው ከአሜሪካ ነው፣ በፈረንጅ 2017። ብራዚል ገብቼ፣ የፓናማን ጫካ በእግሬ አቋርጬ፣ ሜክሲኮ ድንበር ላይ ጥገኝነት ጠየቅሁ። አንድ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረው መለሱኝ። አሜሪካ ግን ተሰምቼ ነው የተሸነፍኩት። በደንብ አልተሰማሁም እንጂ። አንቺን የሚጠቅምሽ ከዚያች «እንጂ» በኋላ ያለው ነው።

ሕጉን በአጭሩ ልንገርሽ፣ የሕጎቹ ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው። የሕገ መንግሥታቸው አምስተኛ ማሻሻያ ማንም ሰው ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት ነፃነቱን አያጣም ይላል። «ዜጋ» አይልም፣ «ሰው» ነው የሚለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ይህ ሊባረር ለተያዘ የውጭ ሰውም እንደሚሠራ በ1903 ተናግሯል፣ በ2025ም ደግሞታል። ስለዚህ ወንድምሽ ወረቀት ባይኖረውም መብት አለው። የተከሰሰበትን በጽሑፍ የማወቅ፣ የመንግሥትን ማስረጃ አይቶ የመቃወም፣ የራሱን ማስረጃና ምስክር የማቅረብ፣ በሚገባው ቋንቋ የመከራከር፣ ከተፈረደበትም ይግባኝ የማለት።

ጠበቃው ላይ ነው ነገሩ የሚያንገበግበው። እዚያው ፍርድ ቤት በ1893 መባረር ቅጣት አይደለም ብሏል። ሰውን ከልጆቹ ለይቶ ውቅያኖስ ማዶ መመለስ ቅጣት ካልሆነ ምን እንደሚባል አላውቅም። ብቻ በዚህ የተነሳ ጉዳዩ እንደ ወንጀል አይቆጠርም፣ መንግሥትም በነፃ ጠበቃ አያቆምም። ጠበቃ የመያዝ መብት አለው፣ ከፋዩ ራሱ ነው። ዳኛው ግን በነፃ የሚሠሩ ጠበቆችን ዝርዝር እንዲሰጡት ግዴታ አለባቸው። ኤፕሪል 9 ሲቀርብ የመጀመሪያ ቃሉ «ጠበቃ መፈለጊያ ጊዜ ይሰጠኝ» ይሁን። ብዙ ጊዜ ይሰጣሉ። ቸኩሎ ታሪኩን መዘርዘር የለበትም፣ የመጀመሪያው ቀጠሮ የታሪክ ቀን አይደለም።

ዳኛ ሳያየው ሊመልሱት ይችላሉ ወይ? በ1996 የወጣ ሕግ አለ፣ ድንበር ላይ የተያዘን ወይም ገብቶ ብዙ ያልቆየን ሰው መኮንኑ ራሱ እንዲመልስ የሚፈቅድ። ያ ሰው «አገሬ ብመለስ እፈራለሁ» ካለ ግን ቃለ መጠይቅ ሊደረግለት ይገባል። እኛ «ክሬዲብል ፊር» የምንለው እሱ ነው። ከወደቀም ዳኛ ይይልኝ ማለት ይችላል። የወንድምሽ ወረቀት የፍርድ ቤት ቀን ስላለው በመደበኛው የዳኛ መንገድ ላይ ሳይሆን አይቀርም። መኮንኑ «ፈርም» የሚለው ለምን እንደሆነ ገባሽ? በዚህ መንገድ ላይ እያለ ያለ እሱ ፊርማ ዳኛውን መዝለል ቀላል ስላልሆነ ነው። አንዳንዱ ወረቀት «ክርክር አልፈልግም፣ መልሱኝ» ማለት ነው። ሲፈርም መብቱን ራሱ አስረከበ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ በአማርኛ ያልተነበበለትን ወረቀት አይፈርም። «ጠበቃ ሳላማክር አልፈርምም» ማለት ወንጀል አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር። ከ2025 ወዲህ የመንግሥት ጠበቆች ችሎት ላይ «ኬዙ ይዘጋ» እያሉ፣ ሰውየው ነፃ የወጣ መስሎት ሲደሰት፣ ወዲያው ወደዚያ ወደ ፈጣኑ የመመለሻ መንገድ የሚወስዱት ሆኗል። «ይዘጋ» ሲባል አልሐምዱሊላህ ብሎ እሺ እንዳይል። «እቃወማለሁ፣ ኬዜ ይሰማልኝ» ይበል።

አሁን ወደ እኔ ጉድ።

ቤታችን ድረስ መጥተው የወሰዱኝ በእኛ ጥር 2008 ነው፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ለምን የሚለውን እዚህ አልዘረዝርም። ክሬዲብል ፊር ሲያደርጉልኝ አስተርጓሚው በስልክ ነበር። «ጥር 2008፣ ሌሊት 8 ሰዓት» አልኩ። እሱም እንዳልኩት አስተላለፈ። ቃል በቃል፣ ሳይቀይር! ጃንዋሪ 2008፣ ማታ 8 ሰዓት ተብሎ ተጻፈ። በኋላ የጥገኝነት ማመልከቻውን እስር ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚችል የጎንደር ልጅ ሞላልኝ። እሱ ጎበዝ ነበር፣ ቀየረው። ጃንዋሪ 2016፣ ከሌሊቱ 2 ሰዓት። ሁለቱም እውነት ነው። ወረቀት ላይ ግን የስምንት ዓመትና የስድስት ሰዓት ልዩነት ሆኖ ቁጭ አለ።

ችሎት ላይ የመንግሥት ጠበቃዋ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠች። «የተወለድከው በ1993 ነው። በ2008 የ14 ዓመት ልጅ ነበርክ። በ14 ዓመትህ ነው የታሰርከው?» አለችኝ። እኔ የተወለድኩት ጥቅምት 1986 ነው፣ በእኛ። 1993 ስትል ሌላ ሰው መሰለኝ። ተምታታብኝ። ላብ አጠመቀኝ። ዳኛው በቴሌቪዥን መስኮት ነው የሚያዩኝ፣ ዝም አሉ። በፈረንጅ 2005 የወጣ ሕጋቸው ዳኛው ትንሽ የምትመስል መጣረስን ይዞ «ይህ ሰው አይታመንም» እንዲል ይፈቅዳል። እንደዚያው አሉ።

ይህን አስተርጓሚው ላይ ብቻ መጫን አልፈልግም። ችሎቱ ሲጀመር ዳኛው «አስተርጓሚው ይገባሃል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ያን ጊዜ ነበር መናገር የነበረብኝ። የችሎቱም አስተርጓሚ በስልክ ነበር፣ ድምፁ የትልቅ ሰው ነው፣ ሲያናግረኝ «ልጄ» ይለኝ ነበር። አማርኛው የቆየ ነው። እኔ የምለውን ግማሹን ያሳጥረዋል። እንዳሳጠረ ታውቆኛል። ግን አባቴን የሚያክል ሰውን ዳኛ ፊት «ተሳስተሃል» ልበለው? የወሎ ልጅ ሆነሽ ታውቂዋለሽ። ይሉኝታ ያዘኝ። «አዎ፣ በደንብ ይገባኛል» አልኩ። ያቺ ቃል በመቅጃ ተቀዳች። እዚያ አገር ያላነሳሽው ቅሬታ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።

ፍርዱ ከተነበበ በኋላ ዳኛው ይግባኝን ጠየቁኝ። አስተርጓሚው «ይግባኝህን ታስቀምጠዋለህ ወይስ ትተወዋለህ?» አለኝ። ማስቀመጥ ማለት ለነገ ማሳደር መሰለኝ፣ እንደገና ወር ሙሉ ልታሰር ነው ብዬ አሰብኩ። ደክሞኝ ነበር። «ልተወው» አልኩ። ለካ «ማስቀመጥ» ያሉት መብቴን መያዝ ነው። በጊዜው ለማመልከት 30 ቀን ነበረኝ። በአንድ ቃል አቃጠልኩት። ወንድምሽ ከተፈረደበት መልሱ አንድ ነው፤ ይግባኝ እፈልጋለሁ። የቀኑን ገደብ ደግሞ ከሰው አፍ ሳይሆን ዳኛው ከሰጡት ወረቀት ላይ ያንብብ።

ቋንቋውንም በጊዜ ይንገራቸው። እናታችሁ የከሚሴ ናቸው ብለሻል። ወንድምሽ ሲደነግጥ አፉ የሚቀናው በኦሮምኛ ከሆነ ኦሮምኛ ይጠይቅ። «ኢትዮጵያዊ ነህ፣ አማርኛ ይበቃሃል» ቢሉት እሺ አይበል። ሲናገርም ዓመቱን ሲጠራ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብሎ ይጀምር፣ ሰዓቱን ሲጠራ ከንጋቱ በፊት ይሁን ከምሽቱ በኋላ ለይቶ ያስረዳ።

እናንተ የምትሠሩት ይህን ነው። ኤ ነምበሩን ያዙ፣ ኤ ብሎ የሚጀምረውን የኢሚግሬሽን መዝገብ ቁጥሩን። ያለ እሱ ወንድምሽ የለም። በቁጥሩና በትውልድ አገሩ የት እንደታሰረ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። በስም ከፈለጋችሁት ግን ሙሐመድን በስንት ዓይነት ፊደል እንደሚጽፉት አላህ ይወቀው፣ ሁሉንም ሞክሩ። የአያት ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ተመዝግቦም ይሆናል። ቁጥሩ ካለሽ በአሜሪካ 1-800-898-7180 ስልክ አውቶማቲክ ነው፣ የቀጠሮውን ቀን ይነግርሻል። አሜሪካ ያለ ዘመድ ይደውልልሽ።

ከዚያ ማስረጃ። የሕክምና ካርድ፣ የፍርድ ቤት ወይም የመፈቻ ወረቀት፣ የኒካህ ወረቀት፣ ያየ ሰው የጻፈው ደብዳቤ ከመታወቂያው ኮፒ ጋር። ሁሉም በእንግሊዝኛ ይተርጎም። ተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ ትክክል እንደሆነ ጽፎ ይፈርምበት፣ ያለዚያ ላይቀበሉት ይችላሉ። ቀኖቹ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ። ደብዳቤ የሚጽፈው አጎትሽ «ልጁ ሰላማዊና ታታሪ ነው» ብሎ ገጽ ከሚሞላ በዓይኑ ያየውን አንድ ቀን ይጻፍ።

ማኅተም ገዝተሽ ወረቀት እንዳታሠሪ። ደሴ ላይ የሚያሠራ እንደማይጠፋ አንቺም እኔም እናውቃለን። እነሱ ያጣራሉ። ከተያዘ እውነተኛው ማስረጃም አብሮ ይወድቃል፣ ሆን ብሎ በሐሰት ያመለከተ ደግሞ የዕድሜ ልክ እገዳ ሊገጥመው ይችላል። «ውስጥ ሰው አለኝ፣ አስወጣዋለሁ» የሚል ከደወለልሽም ስልኩን ዝጊበት። እድሩ ገንዘብ ካዋጣ ፈቃድ ላለው ጠበቃ ብቻ ይከፈል።

ደግሞ ፎቶውንና ሙሉ ስሙን ከጥያቄሽ ላይ አንሺው፣ ዛሬውኑ። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ጉዳይ አደባባይ አይወጣም። ኤ ነምበሩንም እዚህ እንዳትለጥፊ።

ሲደውልልሽ ደቂቃው አጭር ነው፣ በልቅሶ አትጨርሱት። አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አስጠኚው፣ እስኪሸመድዳት አብራችሁ ድገሟት፤ «አይ ዱ ኖት አንደርስታንድ ዚ ኢንተርፕሪተር»። አስተርጓሚው አልገባኝም ማለት ነው። እኔ እሷን የተማርኩት ኮምቦልቻ ከተመለስኩ በኋላ ነው።