ታሪካዊ ቤት ከመሸጥዎ በፊት፦ የኒው ዮርክ አንባቢያን ጥያቄዎች

በብሩክሊንና በሃርለም በጥበቃ ሥር ባሉ ሰፈሮች፣ ማለትም የቤትን ውጫዊ ገጽ ለመለወጥ የከተማው ፈቃድ በሚያስፈልግባቸው ታሪካዊ ሰፈሮች፣ ቤት ያላቸው አንባቢያን ጥያቄ ልከውልናል። አብዛኛው የሚጠይቀው ስለ ዋጋ ነው። ሽያጭ የሚያሰናክለው ግን በአብዛኛው ወረቀት ስለሆነ መልሳችንም ወደዚያው ያዘነብላል።

ጥያቄ፦ አባታችን ከዓመታት በፊት የፊት ለፊቱን የእንጨት መስኮቶች አስወጥተው ፕላስቲክ አስገቡ። ፈቃድ አልጠየቁም። አሁን የገዢው ጠበቃ ደረሰበት። እኛ ያልሠራነውን እንጠየቃለን?

አዎ። ጥሰቱ የሚከተለው ቤቱን እንጂ ሠሪውን አይደለም። ዛሬ ባለቤት የሆነው ይጠየቅበታል፤ ካልተስተካከለም ለገዢው ይተላለፋል። ገዢውን የሚያስፈራው ደግሞ ቅጣቱ ብቻ አይደለም። የከተማው የላንድማርክስ ጥበቃ ኮሚሽን ያልተዘጋ የጥሰት መዝገብ ላለበት ቤት፣ ጥሰቱን ለማስተካከል ወይም አደጋ ለማስወገድ ካልሆነ በቀር፣ በመርህ ደረጃ አዲስ ፈቃድ አይሰጥም። ጓሮው ላይ ክፍል ሊቀጥል ያሰበ ገዢ በአባታችሁ መስኮት ምክንያት እጁ ይታሰራል ማለት ነው።

መጀመሪያ በአድራሻችሁ ምን ዓይነት መዝገብ እንዳለ ከኮሚሽኑ አጣሩ። የወጣው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ብቻ ከሆነ፣ ደብዳቤው በሰጠው ጊዜ ውስጥ ማመልከቻ ካስገባችሁ ነገሩ ወደ ቅጣት ሳይሄድ መስተካከል ይችላል። ያለው መስኮት ደንቡን ካሟላ ይጸድቃል፤ ካላሟላ ይቀየራል። ፕላስቲክ ፊት ለፊት ላይ ብዙ ጊዜ አያልፍም። ክፈፉ ወፍራም በመሆኑ መስታወቱን ያጠብበዋል፤ በጡቡና በመስኮቱ መካከል ያለው የእንጨት ጌጥም ሲገጠም ተነቅሎ ወይም በቆርቆሮ ተሸፍኖ ይገኛል። ከመንገድ በማይታየው የጓሮ መስኮት ላይ ደንቡ ላላ ይላል። የቀድሞው መስኮት ምን ይመስል እንደነበር ማስረጃ ከፈለጋችሁ፣ ከተማው እ.ኤ.አ. ከ1939 እስከ 1941 ለግብር ሥራ ያስነሳቸው የየቤቱ ፎቶዎች በከተማው ቤተ መዛግብት አሉ።

ሥራው ሲያልቅ ኮሚሽኑ በፈቃዱ መሠረት መጠናቀቁን አይቶ ማረጋገጫ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ያለዚያ ወረቀት መስኮቱ ቢስተካከልም መዝገቡ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ሽያጩ የሚጠናቀቅበት ቀን ከደረሰባችሁና ገዢው ከተስማማ፣ ሥራውን የሚሸፍን ገንዘብ ከሽያጩ ላይ ተቀንሶ በጠበቃ እጅ በአደራ ይቀመጥና ሽያጩ ይቀጥላል። መጠኑ ግን በግምት ሳይሆን በሥራ ተቋራጭ ዋጋ ማቅረቢያ ይወሰን።

ጥያቄ፦ ደላላው «ሰፈሩ በጥበቃ ሥር መሆኑን ማስታወቂያው ላይ አታንሺ፣ ገዢ ይሸሻል» አለኝ።

ሌላ ደላላ ይፈልጉ። ጉዳዩ ሊደበቅ አይችልም፤ በከተማው የንብረት መዝገብ ስለሚገባ የባለቤትነት ምርመራ ሲደረግ ይወጣል። ብሩክሊን ሃይትስ እ.ኤ.አ. በ1965 የመጀመሪያው የተጠበቀ ሰፈር ከሆነ ወዲህ ገዢዎች ይህን ለምደውታል። ገዢ የሚሸሸው ወሰኑን የሚነግረው ሲያጣ ነው። ስለዚህ ይንገሩት፦ ቁጥጥሩ ውጩን፣ ማለትም ፊቱን፣ ጓሮውንና ጣሪያውን ይመለከታል። የመኖሪያ ቤት ውስጡ ራሱን ችሎ የሚመዘገበው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ጎረቤቱም የራሱን ቤት አፍርሶ ያለ ኮሚሽኑ ፈቃድ ረጅም ፎቅ እንዳያቆም ያው ሕግ ይከለክለዋል።

ጥያቄ፦ የፊቱ ቡናማ ድንጋይ እየተላጠ ነው። ከመሸጤ በፊት ሙሉውን ላሳድስ?

ሙሉውን አንመክርም። ብራውንስቶን የሚባለው ይህ ድንጋይ በደለል ንብርብር የተሠራ አሸዋ ድንጋይ ነው። ብዙዎቹ ቤቶች ላይ ንብርብሩ በቁመቱ ወደ ውጭ ዞሮ ስለተለጠፈ ውኃ ገብቶ ክረምት ላይ ሲበርድ ወደ በረዶ ይለወጥና ገጹን እንደ መጽሐፍ ቅጠል ይገነጥለዋል። ትክክለኛው ጥገና የላላውን እስከ ጤነኛው ድንጋይ ድረስ ጠርቦ፣ በድርብርብ ልስን ሞልቶ፣ በመጨረሻ በቀለሙና በገጹ ድንጋዩን የሚመስል ልስን መጨረስ ነው። ናሙናው አስቀድሞ በኮሚሽኑ ይታያል። ሥራው የሙቀት መጠኑ ለ72 ሰዓት ከ45 ፋራናይት በታች በማይወርድበት ወቅት ይሠራል፤ በብርድ የተለሰነው ሳይጠነክር ይሰነጠቃል።

ለሽያጭ ተብሎ የሚደረገው ጥድፊያ ከመላጡ የባሰ ጉዳት ያመጣል። ቀለም ወይም ውኃ የማያስገባ ቅብ የተቀባ ድንጋይ እርጥበቱን ወደ ውስጥ አምቆ ከሥር ይበሰብሳል። የጓሮው ጡብ መገጣጠሚያም እንዲሁ ነው፤ አሮጌው ጡብ ለስላሳ ስለሆነ ኖራ ያለበት የጡብ ማያያዣ (ሞልታ) ይፈልጋል። በጠንካራ ሲሚንቶ ከተሞላ ውኃው መውጫ አጥቶ የጡቡን ፊት ያፈነዳዋል። በአሸዋ ግፊት ማጽዳትንም በፍጹም አይፍቀዱ።

ገንዘብዎን ውኃውን በማቆም ላይ ያውሉ፦ አሸንዳው፣ ቁልቁል መውረጃ ቱቦው፣ ከጣሪያው ሥር ያለው የጌጥ ክፈፍ። ሊወድቅ የደረሰ ቁራሽ ካለ ያስነሱ። ለቀሪው የሁለት ተቋራጮችን ዋጋ በጽሑፍ ይዘው ለገዢው ይስጡት። ቁጥሩን ያየ ገዢ በቁጥሩ ይደራደራል፤ ያላየ ግን የፍርሃቱን ያህል ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ቤታችን ድሮ በክፍል በክፍል ይከራይ ነበር። አሁን የምንኖርበት እኛ ብቻ ነን። ችግር አለው?

ሊኖረው ይችላል። ወሳኙ የዛሬው ኑሯችሁ ሳይሆን በሕንፃዎች መምሪያ መዝገብ ላይ ያለው የአጠቃቀም ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1938 በፊት የተሠራ ቤት ሰርተፊኬት ኦፍ ኦኪዩፓንሲ፣ ማለትም ሕንፃው ለምን አገልግሎት እንደተፈቀደ የሚገልጽ ወረቀት፣ ላይኖረው ይችላል፤ ያ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ መምሪያው ያለውን አጠቃቀም እንደማይቃወም የሚገልጽ ደብዳቤ ይሰጣል። መዝገቡ ቤቱን የክፍል ኪራይ ቤት ካለው ግን የገዢው ባንክ የመኖሪያ ቤት ብድር ሊከለክል ይችላል። አጠቃቀሙን ለማስቀየርም ተከራይ በማዋከብ እንዳልወጣ የሚመሰክር ወረቀት ከቤቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ያስፈልጋል፤ ይህ ወራት ይፈጃል። ማስታወቂያ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ አርክቴክት መዝገቡን ያውጣላችሁ።

ጥያቄ፦ የእናታችንን ቤት ከእህቴ ጋር በ2.4 ሚሊዮን ዶላር ልንሸጥ ነው። ስንት ይቆረጣል?

ከአንድ እስከ ሦስት ቤተሰብ የሚይዝ ቤት ከሆነ የከተማው የዝውውር ግብር 1.425 በመቶ ነው፦ 34,200 ዶላር። የግዛቱ 0.4 በመቶ፦ 9,600። ድምሩ 43,800 ዶላር ሲሆን ከሻጭ ይወጣል። ዋጋው ከፍ ባለ መኖሪያ ቤት ላይ የሚጣለውን «ማንሽን ታክስ» የሚባል ግብር የሚከፍለው ገዢው ነው፤ በዚህ ዋጋ 1.25 በመቶ ወይም 30,000 ዶላር ይሆናል። ዋጋው 3 ሚሊዮን ላይ ቢደርስ የግዛቱ ድርሻ ወደ 0.65፣ የገዢው ወደ 1.5 በመቶ ያድጋል፤ የሚሰላውም ከ3 ሚሊዮን በሚበልጠው ላይ ብቻ ሳይሆን በሙሉው ዋጋ ላይ ነው። የደላላና የጠበቃ ክፍያ ለብቻው ነው።

ለፌዴራሉ የትርፍ ግብር መነሻው በአብዛኛው እናታችሁ የገዙበት ዋጋ ሳይሆን ባረፉበት ቀን ቤቱ ያወጣ የነበረው ነው። ያንን ቀን የሚያሳይ ግምት ከፈቃድ ካለው ገማች በጽሑፍ ያዙ። ቤቱ አሁንም በእናታችሁ ስም ብቻ ከሆነ ደግሞ የውርስ ጉዳዮች ፍርድ ቤት አስፈጻሚ ወይም አስተዳዳሪ እስኪሾም ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ሽያጩ ሊፈጸም አይችልም። ከሁሉ ቀድሞ የሚጀመረው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ጉድለት የሚዘረዝረውን ቅጽ ከመሙላት ለገዢው 500 ዶላር መተው ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ቀርቷል። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 20 ቀን 2024 ጀምሮ ሻጩ ቅጹን ሞልቶ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ይሰጣል፤ የጎርፍ ታሪክም ተጨምሮበታል። ከ1978 በፊት ለተሠራ ቤት ስለ እርሳስ ቀለም የሚያውቁትን የሚገልጽ ሌላ የፌዴራል ቅጽ አለ፤ ገዢውም በሌላ ካልተስማሙ ለማስመርመር 10 ቀን ይሰጠዋል። ቅጹን ከጠበቃዎ ጋር ሆነው ይሙሉት።