ወደ ሪችመንድ የምንልከው ሰው፦ በቨርጂኒያ ለምትኖሩ ወገኖቼ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 ማክሰኞ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የገና በዓል የዋለበት ዕለት። ብዙዎቻችን ሌሊቱን በቅዳሴ አሳልፈን፣ መኪናችን ላይ የተቆለለውን በረዶ ጠርገን፣ ዶሮው ወደሚጠብቀን ቤት ስንገባ፣ በላውደን ካውንቲ የምርጫ ጣቢያዎች ተከፍተው ለ32ኛው የስቴት ሴኔት ዲስትሪክት የማሟያ ምርጫ ይካሄድ ነበር። ወንበሩ ክፍት የሆነው ይዘውት የነበሩት ሱሃስ ሱብራማንያም ሁለት ወር ቀደም ብሎ ለፌዴራሉ ኮንግረስ በመመረጣቸው ነው። በወቅቱ ዴሞክራቶች በቨርጂኒያ ሴኔት 21፣ ሪፐብሊካኖች ደግሞ 19 መቀመጫ ይዘው ስለነበር፣ ያ አንድ ወንበር እጅ ቢለውጥ ኖሮ ምክር ቤቱ 20 ለ20 ይከፈልና ድምፅ እኩል በሆነ ቁጥር አብዛኛውን ጉዳይ የሚወስኑት ሪፐብሊካኗ ምክትል ገዥ ይሆኑ ነበር። ያሸነፉት የህንድ ተወላጁ ካናን ስሪኒቫሳን ናቸው። እዚያው ዲስትሪክት ውስጥ የሚኖሩ፣ ሁሉም የመምረጥ መብት ያላቸው አራት አዋቂዎች ያሉበት አንድ የማውቀው ቤተሰብ ግን ምርጫ መኖሩን የሰማው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነበር።

ይህን የማነሣው ወቀሳ ለመሰንዘር አይደለም። እኔም አሜሪካ በገባሁባቸውና ዜግነት ባገኘሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ምርጫ ማለት በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ፕሬዚዳንት መምረጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የቨርጂኒያ ሴኔት ምርጫ ደግሞ ከፕሬዚዳንቱ ጋር በአንድ ቀን አይውልም። አርባዎቹ ሴናተሮች በሙሉ የሚመረጡት ለአራት ዓመት ሲሆን፣ ጊዜውም ከፕሬዚዳንቱ ምርጫ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው፤ በ2019 ተመረጡ፣ በ2023 ተመረጡ፣ ቀጣዩ መደበኛ ምርጫ ኖቬምበር 2 ቀን 2027 ይውላል። ስለዚህ በፕሬዚዳንት ምርጫ ዓመት ብቻ ወደ ጣቢያ የሚሄድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በቨርጂኒያ ቢኖር እንኳ፣ በመደበኛ ምርጫ ለስቴቱ ሴናተር አንድም ጊዜ ድምፅ ሳይሰጥ ሊቀር ይችላል።

ይህ ወንበር ምን ያደርግልናል ለሚል ሰው፣ በየቤታችን የገባውን አስታውሳለሁ። በ2018 የቨርጂኒያ ሴኔት ሜዲኬይድ (መንግሥት ወጪውን የሚሸፍነው የጤና መድን) ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተጨማሪ ሰዎች እንዲደርስ የወሰነው በ23 ለ17 ድምፅ ነበር፤ ውሳኔው ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል፣ አረጋውያንን በየቤታቸው እየተንከባከቡ ራሳቸው ግን የጤና መድን ያልነበራቸው እኅቶቻችን ሐኪም ቤት በሙሉ ልብ መሄድ ጀመሩ። በ2020 የወጣው ሕግ ለዓመታት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ቆሞ የነበረውን ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ በ2021 ወደ 9 ዶላር ከ50፣ በ2022 ወደ 11፣ በ2023 ወደ 12 ዶላር አሳደገው። በዚያው በ2020 ዓመት የመኖሪያ ወረቀታቸው ያላለቀላቸው ሰዎች ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ መኪና የመንዳት ፈቃድ እንዲያገኙ ተወሰነ። በ2024 ሁለቱም ምክር ቤቶች ክፍያውን ወደ 15 ዶላር ለማድረስ ያወጡትን ሕግ በወቅቱ የነበሩት ገዥ ውድቅ አደረጉት፤ የገዥን ተቃውሞ ለመሻር ደግሞ በሁለቱም ምክር ቤቶች የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስለሚያስፈልግ ሕጉ እዚያው ቀረ። በፓርኪንግ ቤት፣ በሆቴልና በአውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራ ወገናችን የደመወዙ ልክ የተቆረጠው እንግዲህ የስቴቱ ምክር ቤቶች በሚሰበሰቡበት በሪችመንድ ነው።

እዚህ ላይ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለስቴት ሴኔት የሚወዳደር አንድ ዕጩ እኛን ለማነጋገር ወደ አንድ ምግብ ቤት አዳራሽ መጥቶ ነበር። ከሰባ የማያንስ ሰው ተሰብስቧል፤ ቡና ተፈልቶ፣ ቆሎና ዳቦ ቀርቧል። ለጥያቄ የተመደበው አንድ ሰዓት ሲጀመር የመጀመሪያው ጠያቂ ዕጩው በኢትዮጵያ ጉዳይ ላይ ያለውን አቋም ጠየቀ፤ ሁለተኛው ስለ ዓባይ ግድብ፤ ሦስተኛው የአፍሪካ ምርቶች ያለ ቀረጥ አሜሪካ ስለሚገቡበት ስለ አጎዋ፤ ከዚያ በኋላ እርስ በርሳችን መከራከር ጀመርን። ዕጩው በትሕትና እያዳመጠ አንድ ሁለት መልካም ቃል ተናገረ፣ ሰዓቱ አለቀ፣ ሄደ። ስለ ቤት ኪራይ፣ በየዓመቱ ስለምንከፍለው የመኪና ግብር፣ ስለ ልጆቻችን የኮሌጅ ክፍያ፣ ስለ ኡበር ነጂዎች አንድም ጥያቄ ሳይጠየቅ አንድም ቃል ሳይገባ ወጣ። ያን ዕለት ያልጠየቅነው ጥያቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የአገራችን ጉዳይ የሚያንገበግበን መሆኑ የሚያኮራ እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። ነገር ግን ማዕቀብ፣ ቪዛ፣ ዕርዳታና የንግድ ስምምነት የኮንግረስና የፕሬዚዳንቱ ሥራ እንጂ የስቴት ሴናተር ሥልጣን አይደለም። ለእነዚያ ጉዳዮች የኮንግረስ አባላችሁን ቢሮ ደጅ ጥኑ፤ የስቴቱን ሴናተር ደግሞ በእጁ ስላለው ነገር ጠይቁት። በአገር ቤት ፖለቲካ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ያቃታቸው ሁለት ሰዎች ስለ መኪና ግብር ሲነሣ ግን የሚከፍሉት ሒሳብ አንድ ዓይነት ነው፤ በዚያ ላይ አብረው መቆም ይችላሉ፣ ሲቆሙም አይቻለሁ።

ቀጥሎ የምመክረው እያንዳንዳችሁ የምትኖሩበትን ዲስትሪክት ቁጥር እንድታውቁ ነው። ከ2020 የሕዝብ ቆጠራ በኋላ አንድ የሴኔት ዲስትሪክት 215 ሺህ ያህል ነዋሪ ይዟል። ካርታውን ያወጣል የተባለው ኮሚሽን መስማማት ስላቃተው የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሁለት ባለሙያዎች አሠርቶ በዲሴምበር 2021 መጨረሻ አጸደቀው፤ በዚህም የተነሣ የብዙዎቻችን ዲስትሪክት ቁጥርም ድንበርም ተለውጧል። ለምሳሌ በአሌክሳንድርያ በኩል በወቅቱ ሴናተር የነበሩት አዳም ኤቢን 30ኛ ተብሎ ይወክሉት የነበረው ወንበር በ2023 ምርጫ 39ኛ ሆነ። የፖስታ አድራሻችሁም አያታልላችሁ። ደብዳቤው ላይ «አሌክሳንድርያ» ወይም «ፎልስ ቸርች» እየተባለ የሚጻፍላቸው እጅግ ብዙ ቤቶች ከእነዚያ ከተሞች ወሰን ውጭ፣ በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ያሉ ናቸው። እኔ ራሴ ለዓመታት የአሌክሳንድርያ ከተማ ነዋሪ ነኝ እያልኩ የከተማውን ከንቲባ ለመምረጥ ስሄድ፣ ሠራተኛዋ ካርታ ዘርግታ ቤቴ ከወሰኑ ሁለት መንገድ አልፎ መሆኑን በጣቷ አሳይታኛለች። የስቴቱ የምርጫ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አድራሻችሁን ስታስገቡ ዲስትሪክታችሁንና ጣቢያችሁን ይነግራችኋል፤ ከአሌክሳንድርያ ወደ ውድብሪጅ ወይም ወደ ማናሰስ ቤት ገዝታችሁ የተዛወራችሁ ደግሞ መንጃ ፈቃዳችሁን ስታስተካክሉ የምርጫ ምዝገባችሁም መስተካከሉን አረጋግጡ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላው ነገር፣ በሰሜን ቨርጂኒያ አብዛኛው የሴኔት ወንበር በተግባር የሚወሰነው በኖቬምበር ሳይሆን ከዚያ በፊት ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን ለመለየት በሚያደርጉት ምርጫ፣ በፕራይመሪው፣ መሆኑ ነው። አካባቢው በብዛት ዴሞክራትን ስለሚመርጥ፣ የፓርቲውን ፕራይመሪ ያሸነፈ ሰው ኖቬምበርን እንደሚያልፍ ከወዲሁ ይታወቃል። ጁን 20 ቀን 2023 ይህንን በግልጽ አይተናል። በ37ኛው ዲስትሪክት ከ2008 ጀምሮ በሴኔት የነበሩትን ቻፕ ፒተርሰንን ባንግላዴሽ የተወለደው ወጣቱ ሳዳም አዝላን ሳሊም አሸነፋቸው፤ በ36ኛው ደግሞ የረጅም ጊዜው ሴናተር ጆርጅ ባርከር በጥቂት ድምፅ ልዩነት በስቴላ ፔካርስኪ ተሸነፉ። የማንንም ፓርቲ ለመደገፍ የምናገር እንዳይመስላችሁ። በቨርጂኒያ ስንመዘገብ ፓርቲ አንመርጥም፤ የተመዘገበ መራጭ ሁሉ በፕራይመሪው ዕለት የፈለገውን የአንዱን ፓርቲ ወረቀት ጠይቆ መምረጥ ይችላል። ፕራይመሪው ብዙ ሰው በማይወጣበት በበጋ መግቢያ ስለሚውል፣ የአንድ ትልቅ ደብር ምእመናን ወይም የአንድ መስጊድ ጀማዓ ቢወጡ ውጤቱ ላይ ጎልተው ይታያሉ። ወደ ሥራ የምትሮጡ ሁሉ ደግሞ ዕለቱን መጠበቅ የለባችሁም፤ ከ45 ቀን በፊት ጀምሮ በአካል ቀርቦ መምረጥ ይቻላል፣ ያለ ምንም ምክንያት በፖስታ መምረጥም ይቻላል።

ከእኛ ወገን ለእንዲህ ያለ ወንበር የበቃ ሰው የለም የምትሉ ካላችሁ፣ አባቷ ከኢትዮጵያ የመጡት ሳምራ ብሩክ በ2020 በኒው ዮርክ ስቴት ለ55ኛው የሴኔት ዲስትሪክት፣ በሮቸስተር አካባቢ፣ ተመርጣለች።

በምርጫ ጣቢያ በአስተናጋጅነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ችግር የስማችን ጉዳይ ነው። አንድ ቀን ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። ሠራተኛው ከኮምፒውተሩ ላይ ስማቸውን ቢፈልግ አጣው፤ የአባታቸው ስም «ገብረ» ብሎ የሚጀምርና ሁለት ቃል የሆነ ነው። መንጃ ፈቃዳቸው ላይ ተያይዞ ተጽፏል፣ ሲመዘገቡ ግን ተለያይቶ ሁለተኛው ቃል ብቻ እንደ ቤተሰብ ስም ተይዟል። በሁለተኛው ቃል ስንፈልግ ወዲያው ተገኙ። እርሳቸው ግን ቦርሳቸውን አንሥተው ለመውጣት ተነሥተው ነበር። ስለዚህ ስማችሁ በዜግነት ወረቀታችሁ፣ በመንጃ ፈቃዳችሁና በምርጫ መዝገቡ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን አስቀድማችሁ ተመልከቱ። በዕለቱ ካልተገኘም ዝም ብላችሁ አትመለሱ፤ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በቨርጂኒያ በምርጫው ዕለት እንኳ ተመዝግቦ፣ ኋላ ተጣርቶ የሚቆጠር ጊዜያዊ ድምፅ መስጠት ይቻላል።

የቋንቋውንም ነገር እወቁት። በ1975 የመራጮች መብት ሕግ ላይ የተጨመረው አንቀጽ የድምፅ መስጫ ወረቀት በሌላ ቋንቋ እንዲዘጋጅ የሚያስገድደው ለስፓኒሽ ተናጋሪዎች፣ ለእስያውያን፣ ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦችና ለአላስካ ተወላጆች ብቻ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ምንም ያህል ቢበዛ ይህ ሕግ አይደርስለትም፤ በአማርኛ የሚወጣ መረጃ ካለ የአካባቢው አስተዳደር በፈቃዱ የሚሠራው ነው፣ ያንንም ጠይቀን ነው የምናገኘው። ይሁን እንጂ ማንበብ የማይችል ወይም አካል ጉዳት ያለበት መራጭ፣ ከአሠሪውና ከሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ በስተቀር የሚያምነውን ሰው ይዞ የመግባት መብት በፌዴራል ሕግ አለው። እናታችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ አንብባችሁ ንገሯቸው፤ ምርጫው ግን የእርሳቸው ነውና እናንተ አትምረጡላቸው።

ግሪን ካርድ ላይ ላላችሁ ደግሞ ይህንን በብርቱ አሳስባለሁ፦ አትመዝገቡ፣ አትምረጡም። በሜሪላንድ ያለችው የታኮማ ፓርክ ከተማ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች በከተማዋ ምርጫ እንዲሳተፉ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ስለምትፈቅድ፣ ከወንዙ ማዶ የሰሙትን ይዘው እዚህም የሚቻል የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ በቨርጂኒያ አይቻልም። መንጃ ፈቃድ ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ዲኤምቪ፣ ስትሄዱ ስክሪኑ ዜጋ መሆናችሁን ሲጠይቅ ሳታነቡ «አዎ» ብላችሁ አትለፉ። በሕገወጥ መንገድ መምረጥም ሆነ ዜጋ ነኝ ብሎ በሐሰት መፈረም ከአገር ሊያስባርር ይችላል፤ የዜግነት ማመልከቻውም ይህንኑ በቀጥታ ይጠይቃል። ድንገት ተመዝግባችሁ ከሆነ፣ ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። ከዚህ ውጭ ግን በሩ ዝግ አይደለም፦ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለዕጩ ገንዘብ ማዋጣት፣ በስብሰባ መጠየቅ፣ ሪችመንድ ሄዶ በኮሚቴ ፊት መናገር ይችላል። የስቴቱ ሕግ አውጪ ጉባኤ በየዓመቱ በጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ ይከፈታል፤ በማኅበር ስም አንድ አውቶቡስ ተከራይቶ አንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል።

በ2027 መጀመሪያ ወራት ለሴኔት ለመወዳደር የሚፈልጉ ሰዎች ወይም ወኪሎቻቸው የእንጀራ መሸጫው በር ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ ፊርማ ሲያሰባስቡ ታገኟቸዋላችሁ። አንድ ዕጩ ስሙን በወረቀቱ ላይ ለማስገባት በዲስትሪክቱ ከተመዘገቡ መራጮች 250 ፊርማ ያስፈልገዋል። ሲያቆሟችሁ መጀመሪያ የስንተኛው ዲስትሪክት እንደሆነ ጠይቁ፤ የእናንተ ከሆነ አድራሻችሁን በምርጫ መዝገቡ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ጻፉ፤ ብዕሩን ከመመለሳችሁ በፊትም ስለ ሰዓት ክፍያ፣ ስለ መኪና ግብር፣ ስለ ኪራይ በሪችመንድ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ እንዲነግራችሁ ጠብቁት።